ማትሱታኬ አለቃቀም፦ ከፓይን ጫካ እስከ ቅንጬ

በመጀመሪያው ዓመት የለቀምኩትን ማትሱታኬ የሚባል የጫካ እንጉዳይ በበርበሬ ጠበስኩት። ሽንኩርቱን አቁላልቼ፣ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ሮዝመሪ፣ ምንም አላስቀረሁም። ጥሩ የእንጉዳይ ጥብስ ወጣው። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ከሱፐርማርኬት በሦስት ዶላር የሚገዛው እንጉዳይም በዚያ ሁሉ ቅመም ያው ጥሩ ጥብስ ነው የሚሆነው።

በማግስቱ ለቀማውን ላስተማሩኝ ሴትዮ በኩራት አወራኋቸው። አንሶላ እያጣጠፉ ነበር። እጃቸው ቆመ። «ሽታውንስ?» አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ።

ሴትዮዋ ከላኦስ የመጡ ናቸው። ሲያትል ውስጥ በአንድ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ለዓመታት አብረን ሠርተናል። እኔ እማማ እላቸዋለሁ። ትርጉሙን ስነግራቸው ስለወደዱት አሁን ሜክሲኳዊው የፈረቃ አለቃችን ሳይቀር እማማ ነው የሚላቸው። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ፎል (መጸው) ሲገባ የዓመት ፈቃዳቸውን ይወስዱና ከእህቶቻቸው ጋር ወደ ኦሪገን ደኖች ይወርዳሉ። እዚያ ማትሱታኬ ከሚለቅሙት ሰዎች ብዙዎቹ እንደ እሳቸው ከላኦስና ከካምቦዲያ በስደት የመጡ ናቸው። አንድ ዓመት እኔንም አስከተሉኝ። ከዚያ ወዲህ አምስት ወቅት ወጥቻለሁ። ባዶ እጄን የተመለስኩባቸው ቀኖች ከሞላልኝ ቀኖች ይበልጣሉ።

ማትሱታኬ የጃፓንኛ ስም ነው። ማትሱ ፓይን፣ ታኬ እንጉዳይ። እኛ ለክብር እንግዳ ዶሮ እንደምናርደው እነሱ ይህን እንጉዳይ በጌጠኛ ሳጥን ደርድረው ለሚያከብሩት ሰው ይሰጡታል። በፈረንጆች 1941 ጃፓን ውስጥ ወደ 12,000 ቶን ተለቅሞ ነበር። ዛሬ መቶ ቶን የማይሞላበት ዓመት ብዙ ነው። ገበሬው ማገዶና ቅጠል ከጫካ መሰብሰቡን ሲተው መሬቱ በብስባሽ ተሸፈነ፤ ከሰሜን አሜሪካ የገባ ረቂቅ ትል ደግሞ ፓይኖቹን ጨረሳቸው። እንጉዳዩን በእርሻ እንዳያመርቱት ከዛፍ ሥር ጋር ተቆራኝቶ የሚኖር ፍጥረት ነው። ዛፉ ስኳር ይሰጠዋል፣ እሱ ከአፈር ውሃና ማዕድን እየሳበ ለዛፉ ያቀብላል። ከዛፉ ለይቶ በገበያ መጠን ያመረተው ሰው እስካሁን የለም። ስለዚህ ጃፓኖች ከቻይና፣ ከኮሪያ፣ ከካናዳና ከአሜሪካ ያስገባሉ። በ1993 ኦሪገን ውስጥ ለአጭር ጊዜ አንዱ ፓውንድ እስከ 600 ዶላር ተሽጦ ነበር። እማማ ያንን ዓመት ሲያነሱ ዓይናቸው ይርቃል። ዛሬ እንደዚያ ያለ ዋጋ የለም። ሀብታም ልሁን ብላችሁ ከሆነ ቀሪውን ባታነቡት ይሻላል።

አሜሪካ ምዕራብ የሚበቅለው የጃፓኑ የቅርብ ዘመድ ነው። ከ2017 ወዲህ ሳይንሳዊ ስሙ ትሪኮሎማ ሙሪሊያነም ነው። ሽታው ያው ነው፣ የሚፈለገውም ለዚያ ነው።

አንድ የቃል ነገር ላጥራ። እኛ ጥድ የምንለው ሌላ ዛፍ ነው። የሐበሻ ጥድ ጁኒፐር ነው፤ የፈረንጅ ጥድ የምንለው ደግሞ ሳይፕረስ። ሁለቱም ከማትሱታኬ ጋር አይኖሩም። እኔ የማወራው ስለ ፓይን ነው፣ መርፌ የመሰለ ረጅም ቅጠል ስላለው። ሀገር ቤትም ፓቱላ የሚባለው ፓይን በብዛት ተተክሏል፣ ማትሱታኬ ግን እዚያ አይበቅልም። ዘመድ ጋ ደውላችሁ ሰው አታድክሙ።

መቼና የት

ወቅቱን በእኛ አቆጣጠር መያዝ ይቀላል። ጽጌ ጾም ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ነው አይደል? ማትሱታኬም ማዕከላዊ ኦሪገን ውስጥ ከጽጌ ትንሽ ቀደም ብሎ ይጀምርና ጽጌ ሳያልቅ ይደክማል። ዋሽንግተን ውስጥ በካስኬድ ተራሮች ዋናው ወር ኦክቶበር ነው። ለጿሚ ሰው ከዚህ የተመቸ ነገር አላውቅም።

ዝናብ ይፈልጋል። የበጋው ሙቀት ሰብሮ የመጀመሪያው ደህና ዝናብ ከጣለ በኋላ እማማ አሥር ቀን ይቆጥራሉ። ሌሊቱ መብረድ አለበት። ግን መሬቱ ድርቅ ብሎ በረዶ ከመታው አለቀ።

ቦታው አሸዋማ፣ ውሃ የማይቋጥር መሬት ነው። እኔ የተማርኩት ቼመልት በምትባል ትንሽ ከተማ አካባቢ ነው። ከሲያትል በኢንተርስቴት 5 ዩጂን ድረስ ወርደን፣ በ58 ቁጥር መንገድ ዊላሜት ፓስን ተሻግረን፣ 97 ላይ ወጣን። ስድስት ሰዓት ተኩል ፈጀብን። እዚያ አፈሩ አፈር አይመስልም። የዛሬ 7,700 ዓመት ገደማ ማዛማ የተባለው ተራራ ፈንድቶ አገሩን በፑሚስ ሸፈነው። ፑሚስ ማለት ተረከዝ የምንፈገፍግበት ያ ቀላል ድንጋይ ነው። የተራራው ጉድጓድ ዛሬ ክሬተር ሌክ የሚባለው ሐይቅ ነው። በዚህ ድሃ መሬት ላይ ቀጫጭን ሎጅፖል ፓይኖች ቆመዋል፤ ድሃ መሬት ደግሞ ለማትሱታኬ ሰፈሩ ነው።

ዛፎቹን ለመለየት የወደቀ ቅጠል አንሱ። ሁለት ሁለት መርፌ አንድ ላይ ከተያያዘ ሎጅፖል ነው። ሦስት ሦስት ከሆነ ባብዛኛው ፖንደሮሳ ነው። ሁለቱም ስር ይገኛል። ዋሽንግተን ውስጥ ዳግላስ ፈር ስርም አግኝቼ አውቃለሁ።

የራሴን ስፍራ አልነግራችሁም። አትቀየሙኝ። እማማም አምስት ዓመት ይዘውኝ ሲዞሩ የእህታቸውን ስፍራ አንድ ቀን አላሳዩኝም።

ፈቃድ

ይህን ክፍል ዘላችሁ እንዳትሄዱ። ደኑ የመንግሥት ነው፣ ሕጉም ከደን ደን ይለያያል። ከመሄዳችሁ በፊት የምትሄዱበት ደን ሬንጀር ስቴሽን (የደን ጠባቂዎች ቢሮ) ደውላችሁ ጠይቁ። ለመሸጥ የሚለቅም ሰው የንግድ ፈቃድ ያወጣል፤ ዕድሜውም 18 የሞላ መሆን አለበት። እኔ በሄድኩባቸው ዓመታት ማዕከላዊ ኦሪገን ውስጥ የወቅቱ ሙሉ ፈቃድ 200 ዶላር ነበር፣ የቀን ደግሞ 8 ዶላር ሆኖ ትንሹ ሦስት ቀን ነበር። ከፈቃዱ ጋር ካርታ ይሰጧችኋል። የተከለከለውን ቦታ እዩበት፦ ክሬተር ሌክ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ አይለቀምም፤ ዊልደርነስ ተብሎ የተከለለ ቦታና ካምፕ ሜዳም እንደዚያው።

ለቤቱ የሚለቅም ሰው ደግሞ እንጉዳዩን ከመሬት እንዳወጣ በቁመቱ ለሁለት እንዲሰነጥቀው የሚያዝ ሕግ ያለባቸው ደኖች አሉ። ገዢ የተሰነጠቀ አይገዛም፤ እንዳይሸጥ ነው ነገሩ። መጀመሪያ ከፍቶኝ ነበር። ኋላ ግን ጥቅሙ ገባኝ፤ ስትሰነጥቁት ትል የበላው ወዲያው ይታያል። ትል ተሸክሞ ቤት ከመግባት ያድናል።

አፈላለግ

ያን የመጀመሪያ ቀን እንጉዳይ ፍለጋ መስሎኝ ነጭ ነገር ፍለጋ ዓይኔን ሳንከራትት ዋልኩ። ስህተት ነው። ነጭ ሆኖ ከሩቅ የሚታየው ማትሱታኬ ያረጀ ነው። ጥሩው ገና ከቅጠል ምንጣፉ ስር ነው። የምትፈልጉት እብጠት ነው።

እማማ ከመኪናው እንደወረድን ፊታቸውን ወደ ፀሐይ አዙረው ቆሙ። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ይሆናል፣ ፀሐይዋ ገና ዝቅ ያለች ናት። በዚያ ብርሃን ትንሿ ጉብታ ሁሉ ጥላ ትጥላለች። ሃያ እርምጃ ያህል ሄደው ተንበረከኩ። እኔ ምንም አላየሁም። ጣቴን ይዘው መሬቱ ላይ አሳረፉት። የፓይን መርፌዎቹ ተሰነጣጥቀው ወደ ላይ ተነስተዋል፣ ብርድ ልብስ ስር ድመት እንደተኛ። ገፋ ሳደርገው ከስር የሕፃን ጉልበት የመሰለ ጠጣር ነገር ነካሁ። «አሁን አሽት» አሉኝ።

ጎንበስ ብዬ አሸተትኩ። ቀረፋ ነው። ሌላም ነገር አለበት፤ ቀኑን ሙሉ በቆዳ ጫማ ውስጥ የዋለ ካልሲ። ሁለቱ አንድ ላይ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር አሽትቼ አላውቅም። የሚገርመው ይህን የነገርኩት ሰው ሁሉ ይስቅብኛል፤ አንዴ ካሸተተው ግን ከእኔ የተሻለ ቃል ያመጣ የለም። ጓደኛዬ ብቻ «የሚስቴ የቅመም መደርደሪያና የወንድሜ ስፖርት ቦርሳ» አለ። እኔም የምለው ይህንኑ ነው።

ሌሎች ምልክቶች አሉ። አጋዘን ማትሱታኬ ይወዳል። ተቆፍሮ ፍርፋሪ የቀረበት ጉድጓድ ካያችሁ ዙሪያውን በዝግታ ፈትሹ። ሌላው ከረሜላ የመሰለ ተክል ነው፤ ነጭና ቀይ ሰንበር አለው፣ ቀጥ ብሎ የሚቆም፣ አረንጓዴ ቅጠል የሚባል ነገር የሌለው። ፈረንጆች የከረሜላ ዘንግ ይሉታል። ምግቡን ራሱ አይሠራም፣ ከመሬት በታች ካለው የማትሱታኬ ድር ይሰርቃል። ፎል ላይ ደርቆ ቡናማ አገዳ ሆኖ ነው የምታገኙት። እሱ ካለ ድሩ አለ ማለት ነው። ዘንድሮ ያበቅላል ማለት ግን አይደለም።

አንድ ሲገኝ ቁሙ። ብቻውን አይበቅልም፤ ባብዛኛው በቅስት ወይም በመስመር ነው የሚወጣው። እኔ መጀመሪያ አንዱን አግኝቼ ወደ ፊት ስሮጥ ሦስቱን ረግጫቸዋለሁ። እማማ አልተቆጡም። ከጫማዬ ስር እየለቀሙ በእኔ ቦርሳ ከተቷቸው።

መጥፋት

አንገት ደፍቶ መሄድ ያስታል። ቼመልት አካባቢ መሬቱ ሜዳ ነው፣ ዛፉም ሁሉ አንድ ዓይነት። ተራራ አይታይ፣ ወንዝ አይሰማ። በሁለተኛው ዓመት መኪናዬን ለሁለት ሰዓት አጣሁት። ስልኬ ኔትወርክ የለውም፣ ካርታውንም አስቀድሜ አላወረድኩም። ለካ መንገዱ ከቆምኩበት ሦስት መቶ ሜትር አይሞላም። አሁን ካርታ ቤቴ ሳለሁ አወርዳለሁ፣ መኪናዬ የቆመበትን ቦታ ምልክት አደርጋለሁ፣ ፊሽካ አንገቴ ላይ አንጠለጥላለሁ። ብርቱካናማ ሰደርያም ልበሱ፤ ወቅቱ የአጋዘን አደን ወቅት ነው። አዳኝ ከሩቅ ሲያያችሁ ጎንበስ ያለ ቡናማ ነገር መምሰል የለባችሁም።

መለየት

እናቴ ደብረ ብርሃን ከዝናብ በኋላ ብቅ የሚለውን እንጉዳይ ሁሉ የጅብ ጥላ ብላ በጫማዋ ትመታው ነበር። ያላወቁትን አለመብላት መቼም አያስወቅስም። እዚህ ደኖች ውስጥ ደግሞ የእናቴን ጫማ የሚያስፈልገው አንድ እንጉዳይ አለ፤ አማኒታ ስሚቲያና። ነጭ ነው። ቀለበት አለው። ማትሱታኬ በሚበቅልበት ጫካ፣ በዚያው ወቅት ይበቅላል። ማትሱታኬ መስሏቸው የበሉት ሰዎች በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ያስታውካቸዋል፤ ሻል ሲላቸው ምግብ ነው የመረዘኝ ብለው ይተዉታል፣ ከቀናት በኋላ ኩላሊታቸው ይቆማል። ከዚያ ሳምንታት ዲያሊሲስ፣ የኩላሊት እጥበት ነው።

እኔ አንዱን ለቅሜዋለሁ። በሦስተኛው ቀን ነው፣ ተማርኩ ብዬ ልቤ ያበጠ ጊዜ። እማማ ከከረጢቴ አወጡትና ምንም ሳይሉ እግሩን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ያዙት። ጨመቅ አደረጉት። እንደ ጠመኔ ተፈረፈረና መዳፋቸው ላይ ቀረ። ከራሳቸው ከረጢት አንድ ማትሱታኬ አውጥተው «አንተ ጭመቅ» አሉኝ። አውራ ጣቴ እስኪነጣ ጨመቅኩ። ንቅንቅ አላለም። ከዚያ እግሩን በጣታቸው ተለተሉት፤ እንደተቀቀለ የዶሮ ጡት በክር በክር ወረደ።

እጃቸውን አራገፉ፣ ከረጢቴን ሙሉ በሙሉ መሬት ላይ ገለበጡት፣ አንድ በአንድ አስጨመቁኝ። ሃያ ሁለት ነበሩ።

ስለዚህ ይህን ሁሉ አንድ ላይ እዩ። አንዱ ምልክት ብቻውን አይበቃም። የማትሱታኬ ቆብ ነጭ ነው፤ ሲቆይና ሲነካ ቀረፋማ ቡናማ ነጠብጣብ ይይዛል። ገና ልጅ ሳለ የቆቡ ጠርዝ ወደ ውስጥ ተጠቅልሎ ከእግሩ ጋር በወፍራም ነጭ መጋረጃ ይያያዛል፣ ነጠላ ከአገጭ ስር እንደታሰረ። መጋረጃው ሲቀደድ እግሩ ላይ ቀለበት ሆኖ ይቀራል። ከቆቡ ስር እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደረደሩት ነጭ ናቸው፣ ጥቅጥቅ ያሉ። እግሩ ጠጣር ነው፤ ወደ ታች ሲወርድ እየጠበበ ይሄዳል። የአማኒታው ግን ከታች ያብጥና ከዚያ እንደ ካሮት ሾጥጦ ወደ መሬት ይገባል። ይህን ለማየት እንጉዳዩን ሙሉውን ማውጣት አለባችሁ። መሬት ላይ በቢላ የቆረጠ ሰው ዋናውን ማስረጃ መሬት ውስጥ ጥሎ ሄደ ማለት ነው።

ሽታውም ይለያል። የአማኒታው ሽታ አንዳንዴ በረኪናን ይመስላል። ግን እጃችሁ ማትሱታኬ ሲነካ ከዋለ ሁሉም ነገር ቀረፋ ቀረፋ ይሸታችኋል። ስለዚህ አፍንጫ ያገኛል፣ ጣት ያረጋግጣል።

ሩሱላ የሚባል ሌላ ነጭም አለ፤ በብዛት ያበሳጫል። እሱም መርፌውን አንስቶ ይወጣል። ቀለበት የለውም፣ እግሩ ቀጭ ብሎ ይሰበራል። እማማ «ውሸታሙ» ይሉታል። በቀን ሃምሳ ጊዜ ታጎነብሱለታላችሁ።

በመጀመሪያው ወቅት የለቀማችሁትን የሚያውቅ ሰው ሳያየው አትብሉ። ሲያትል ላላችሁ ከ1964 ጀምሮ ያለ ፑጀት ሳውንድ ማይኮሎጂካል ሶሳይቲ የሚባል ማኅበር አለ። በፎል ወራት ሰዎች የለቀሙትን አምጥተው ያስለያሉ። እኔ የፌስታሉን ሙሉ ይዤ ስሄድ አንድ ሽማግሌ በትዕግሥት አንድ በአንድ አሳዩኝ፤ ፌስታሉን ግን ነጠቁኝ። ለምን እንደሆነ ወደ ታች እነግራችኋለሁ። ተሳስቶ የበላ ሰው ቢያጋጥማችሁ አሜሪካ ውስጥ የመርዝ መረጃ ስልኩ 1-800-222-1222 ነው። ሌት ተቀን ይሠራል፣ አስተርጓሚም ትጠይቃላችሁ። የተረፈውን እንጉዳይ አትጣሉ፣ ይዛችሁ ሂዱ።

አወጣጥ

ምሳችንን ልንበላ ስንል አንድ ስፍራ ላይ ቁጭ አልኩ። እማማ «ሺሮውን አትንካ!» ብለው ጮኹ። እኔ ከቤት ሽሮ በእንጀራ ቋጥሬ ነበር፤ ከመቼው ስሙን አወቁት ብዬ ደነገጥኩ። ለካ ጃፓኖች ከመሬት በታች ያለውን ነጭ የፈንገስ ድር ሺሮ ነው የሚሉት። ከጃፓን ገዢዎች ለቃሚው ሁሉ ቃሉን ወስዶታል። የተቀመጥኩት እሱ ላይ ነበር። የእኔን ሽሮ ሳቀምሳቸው ይኸኛው ይሻላል አሉ፤ ስለ ትህትና ይመስለኛል።

ሺሮው የእንጉዳዩ እናት ነው። ለብዙ ዓመት በአንድ ቦታ ይኖራል። እሱን ከቆፈራችሁት የሚመጣው ዓመትም አለቀ። ሬክ የሚባለውን የቅጠል መሰብሰቢያ በደኑ መጠቀም የተከለከለው ለዚህ ነው። የሚያስፈልጋችሁ ጠፍጣፋ ጫፍ ያለው ዱላ ብቻ ነው። ከእንጉዳዩ ጎን ሰካ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ላይ አንሱ፣ በሌላው እጃችሁ እግሩን ከታች ያዙ፣ ግራና ቀኝ አነቃንቁት። ይወጣል። ጉድጓዱን መልሳችሁ በአፈር ሙሉት፣ የፓይን መርፌውን መልሱበት። እማማ ከጨረሱ በኋላ በመዳፋቸው ሁለቴ ጠብ ጠብ ያደርጉታል። ማንም አልነካውም ትላላችሁ፤ ሌላ ለቃሚ እንዳያውቀውም ነው።

ቁልፍ የምታክለዋን ተዉአት። ቆቡ ሙሉ ተዘርግቶ የለሰለሰውንም ተዉት፤ ዘሩን ይበትን።

የእግሩን አፈር እዚያው በቢላ ፋቁ። ከዚያ የወረቀት ከረጢት ወይም ቅርጫት። ፌስታል አይሆንም። ፌስታል ውስጥ ያልበዋል፣ በማግስቱ ይልጋል፣ ሽታው ወደ ካልሲው ያደላል። ሽማግሌው ፌስታሌን የነጠቁኝ ለዚህ ነው።

ማዕድ ቤት

አትጠቡት። እርጥብ ጨርቅና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃዋል። እያንዳንዱን በወረቀት ጠቅልላችሁ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡ፣ ሳምንት ይቆያል። ጥሬውን አትብሉ፤ መጀመሪያ ስትበሉም ጥቂት ቅመሱና እስከ ማግስቱ ጠብቁ። ሰውነታቸው የማይቀበለው ሰዎች አሉ።

አሁን ወደ በርበሬው ልመለስ። ማትሱታኬ ጣዕሙ ሽታው ነው። ሽታው ደግሞ ቁሌት አይችልም። ነጭ ሽንኩርት አትጨምሩ። በርበሬ አትጨምሩ። ኮረሪማም፣ ጥቁር አዝሙድም፣ ምንም። እጃችሁ እንደሚያሳክካችሁ አውቃለሁ። ጨው ብቻ።

ጃፓኖች በሩዝ ይሠሩታል፣ እኔም የማውቀው የመጀመሪያ አሠራር እሱ ነው። ሁለት ኩባያ አጭር ፍሬ ሩዝ ውሃው እስኪጠራ እጠቡ፣ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፉ፣ አንጠፍጥፉ። ሁለት ኩባያ ውሃ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ አኩሪ አተር ሶስ፣ አንድ ማንኪያ ሳኬ። አልኮል የማትነኩ ሳኬውን ተዉት፣ ምንም አይጎድልም። ሁለት መካከለኛ ማትሱታኬ በእጃችሁ በቁመቱ ተልትሉ። በቢላ አይደለም፤ ሲተለተል ሽታው ይበልጥ ይወጣል። ከላይ አልብሱት፣ አታማስሉት። ክዳኑን ግጠሙ። ሩዙ በስሎ እሳቱ ከጠፋ በኋላ አሥር ደቂቃ ሳትከፍቱ ተዉት። ስትከፍቱ ፊታችሁን አቅርቡ፤ ግማሹ ምግብ እሱ እንፋሎት ነው።

ሽታውን ካጠፋሁ በኋላ በሁለተኛው ዓመት ይህን ስበላ አንድ ነገር መጣልኝ። ለምን በቅንጬ አይሆንም? ሆነ። እንዲያውም ለእኔ ከሩዙ ይበልጣል፤ የስንዴው ጠረንና ቀረፋው ይስማማሉ። ቅንጬውን በጨው ውሃ እንደተለመደው ቀቅሉ። ውሃው ሊመጠጥ ሲል የተለተለውን እንጉዳይ ከላይ በትኑበት፣ እሳቱን ዝቅ አድርጉ፣ ከድናችሁ ሩብ ሰዓት ጠብቁ። በጾም ጠረን የሌለው ዘይት አንድ ማንኪያ። ከጾም ውጭ ለጋ ቅቤ፣ ያልተነጠረውን። የተነጠረ ቅቤ ውስጥ ያለው ኮረሪማ ያሸንፈዋል፤ ሞክሬዋለሁ። ለእማማ በምሳ ዕቃ ወሰድኩላቸው። ክዳኑን ከፈቱ፣ አሸተቱ፣ መልሰው ዘጉት። ለባለቤቴ ነው የማሳየው ብለው ይዘውት ሄዱ።

ከተረፈ አታድርቁት፣ ሽታው ይሄዳል። ጥርት ያለውን ሳትቆርጡ በፎይል ሁለት ጊዜ ጠቅልላችሁ ፍሪዘር ውስጥ ክተቱ። እኔ ለገና ጾም ሦስት አራት አስቀራለሁ። ስታወጡት እንዲቀልጥ አትጠብቁ፣ ከቀለጠ ስፖንጅ ነው የሚሆነው። በረዶውን እንደያዘ በስሱ ቆርጣችሁ በቀጥታ የሚንተከተከው ቅንጬ ላይ ጣሉት።